የዳማው አንገት

ይህን የጻፍኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ካለችው ከጫጫ ወጣ ብሎ ባለው የአጎቴ ግቢ ነው። መጀመሪያ ሰዓትና የታመመውን የአጎቴን ፈረስ፣ የዳማውን፣ ሙቀት ብቻ ነበር የምመዘግበው፤ በአጎቴ ልጅ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ። ሌሊት ሌሊት ግን እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ስል ሌላ ሌላውንም መሞነጫጨር ጀመርኩ። ስገለብጠው ዐረፍተ ነገሩን አስተካክያለሁ። ቁጥሮቹን አልነካኋቸውም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ አለኝ። ከተመረቅኩ በኋላ ግን ስድስት ዓመት ደብረ ብርሃን ቢሮ ተቀምጬ ቅጽ ስሞላ ነው የኖርኩት። ዘመድ ይህን አይለይም። ለዘመድ "ሐኪሙ" ነኝ።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ገብስ እየተወቃ ነው። ዳማው ሌሊት ገመዱን በጥሶ አውድማ ላይ አድሯል። ከሰዓት በኋላ ጎኑን እያየ መሬት መጫር ጀመረ። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይንከባለላል። ቁርጠት ነው። የአጎቴን ጋሪ የሚጎትት ሌላ ፈረስ የለም።

"መርፌ አልያዝክም?" አሉኝ አጎቴ። ይህን ጥያቄ የማያውቅ የእንስሳት ጤና ሰው የለም። መርፌ ካልተወጋ ታከመ አይባልም።

ቦርሳዬ ውስጥ የፍሉኒክሲን ብልቃጥ ነበረች። ህመም ታስታግሳለች። ፈረሱን በዓይኔ 250 ኪሎ ብዬ ገመትኩት። 5 ሚሊ ተኩል ሳብኩ። መርፌው አዲስ ነው፤ ከላስቲኩ ያወጣሁት ያኔ ነው። ቦታውን በአልኮል ጠረግሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግራ አንገቱ ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ ወጋሁት።

ደም ሥር ውስጥ ብሰጠው ይሻል ነበር። አውቃለሁ። በስልክ መብራት የሚወራጭ ፈረስ ደም ሥር መፈለግ አልደፈርኩም። ብልቃጡ ላይ በጡንቻም በደም ሥርም ይሰጣል ይላል።

4 ሰዓት ላይ ዳማው ተረጋጋ። ፋንድያ ጣለ። አጎቴ መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ኅዳር 19፣ እሁድ

ቁርጠቱ የለም። ውሃ ጠጣ።

ማታ ላይ አንገቱን ወደ ግራ ማዞር እምቢ አለ። የወጋሁበት ቦታ እንቁላል የሚያህል አብጧል፣ ይሞቃል። መርፌው አስቆጥቶት ነው አልኩ። ቀዝቃዛ ጨርቅ አደረግሁበትና ወደ ቤት ገባሁ። ሙቀቱን አለካሁም። ደብተሩ ላይ በዚህ ሰዓት ቁጥር የለም። ይህን ባዶ ቦታ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

ጠዋት 12 ሰዓት። የቀሰቀሱኝ የአጎቴ ባለቤት፣ እትዬ ናቸው። "ተነስ፣ አንገቱ ሌላ አንገት አብቅሏል!"

ሙቀት 40.1። የጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ነው። የልብ ምት በደቂቃ 76፤ መሆን የነበረበት ከ30 እስከ 40 ገደማ። ድዱ ጠቁሮ ቀልቷል። እብጠቱ ከጆሮው ሥር ተነስቶ ትከሻው ደርሷል። ጭንቅላቱን እንደ ተቀጣ ልጅ አቀርቅሯል።

እጄን ስጫነው ከቆዳው ሥር ተንኮሻኮሸ። ደረቅ ገለባ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብትጨብጡት የሚሰማው ነው። ይህን ድምፅ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ በጣቴ ሲሰማኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጋዝ ነው። ከቆዳ ሥር ጋዝ የሚያመርት በሽታ ደግሞ ብዙ አይደለም።

አጎቴ መጥተው ዳሰሱት። "አባ ጎርባ ነው" አሉ። በጥጃ ያውቁታል። ብዙም አልሳቱም፤ ያኛውና ይሄኛው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ደግሞ "አባ ሰንጋ ነው፣ እንዳትነኩት" ብለው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ።

ደብረ ብርሃን ለምትሠራ ሐኪም ደወልኩ። ከእኔ ሁለት ዓመት ትታንሳለች። እኔ ቅጽ ስሞላ እሷ ግን እጇን ስታቆሽሽ የኖረች ናት። "መቼ ተወጋ?" አለች። ነገርኳት። "ምን ነበር?" ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ውሃ አፍላ፣ መጣሁ" አለች።

5 ሰዓት ላይ ደረሰች። የአዛውንቱን ነገር አልናቀችም። አባ ሰንጋ ፈረስ ላይ ጉሮሮና ደረት ያሳብጣል፤ አባ ሰንጋ የሆነን እንስሳ መክፈት ደግሞ በሽታውን ግቢ ሙሉ መዝራት ነው። ድርብ ጓንት አድርጋ ከጆሮው ደም ወሰደች፤ መስታወት ላይ ቀብታ አስቀመጠች። ያ ግን ከተማ ሄዶ እስኪታይ ፈረሱ አይቆይም። እብጠቱ የተነሳው በትክክል ከመርፌው ቦታ ነው። ይንኮሻኮሻል። የተወጋውም ከ39 ሰዓት በፊት ነው። እነዚህን ሦስቱን አይታ ቢላዋ አነሳች።

ከዚያ በፊት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካነው። የደረቱ ዙሪያ 145 ሴንቲ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ 136። ዙሪያውን በራሱ አባዝተህ በርዝመቱ ታበዛዋለህ፤ ለ11900 ታካፍላለህ። 240 ኪሎ። የቅዳሜው የዓይን ግምቴ ያልተሳሳተበት ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

ማደንዘዣ ሰጠችው፤ ቆሞ ማንኮራፋት ቀረሽ ሆነ። ቆዳውን ደግሞ በሊዶካይን አደነዘዘች። ከላይ ወደ ታች አራት ቦታ ቀደደችው፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር። መጀመሪያ የወጣው አየር ነው። ፊ…ሽ አለ። ቀጥሎ አረፋ የለበሰ፣ የቡና አተላ የመሰለ ውሃ። ሽታውን ልገልጸው አልሞክርም። የአጎቴ ልጅ ወጥቶ አስመለሰ።

ሥጋው አይደማም። ይህን ነው ልረሳው ያልቻልኩት። ቢላዋው ሲገባ ደም የለም፤ የተቀቀለ ሥጋ የሚቆረጥ ነው የሚመስለው። "ደም እስኪመጣ ነው የምሄደው" አለች። በጣት ስፋት ስትገባ ደም ነጠብ ነጠብ አለ። ደም አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አጎቴ ማጭድ እሳት ውስጥ ጥደው መጡ። ሊተኩሱት ነው። በእኛ አገር እብጠት ይተኮሳል።

"ጋሼ፣ እኛ የምንፈልገው መክፈት ነው። ትኩሱ ይደፍነዋል" አለቻቸው። "ይሄ ተባይ አየር አይወድም። አየር እናስገባለት።"

አጎቴ ማጭዱን ውሃ ውስጥ ነከሩት። ቸስ አለ።

ያው ሰኞ፣ ማታ

አሁን ነገሩን በሰፊው ልጻፈው፤ ቀን ጊዜ አልነበረም።

ተባዮቹ ክሎስትሪዲየም ይባላሉ። አፈር ውስጥ አሉ፣ የፈረሱ አንጀት ውስጥም አሉ። ሲከፋቸው ዘር የመሰለ ጠንካራ ልባስ ለብሰው ይተኛሉ። እንዲህ ሆነው አልኮል አይገድላቸውም፤ ጠረግሁ ማለቴ ለዚህ ዋጋ የለውም። አየር በሌለበት፣ ደም በቀነሰበት ጡንቻ ውስጥ ይነቃሉ። አንዳንድ መድኃኒት ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ያቆስላል። ያቺ የቆሰለች ቦታ ለእነሱ ቤት ናት። ይራባሉ፣ መርዝ ያመርታሉ። መርዙ ጎረቤት ጡንቻውን ይገድላል፤ የሞተው ጡንቻ ደግሞ አዲስ ቤት ይሆናቸዋል። በሰዓታት ውስጥ ነው የሚሮጠው።

ዘሩ በእኔ መርፌ ገባ ወይስ ቀድሞ ጡንቻው ውስጥ ተኝቶ ነበር? ዶክተሯን ጠየቅኳት። ሁለቱም ይሆናል አለች። "ፍሉኒክሲን በጡንቻ ተሰጥቶ እንዲህ የሚሆን ፈረስ ብዙ ተጽፎበታል። ለዚህ ነው በደም ሥር የምንሰጠው።" ይህንን ስትል ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ደወለች። የደሙ መስታወት ላይ አባ ሰንጋ የለም። ከቁስሉ የወሰደችው ላይ ደግሞ ወፋፍራም፣ ጫፋቸው የተቆረጠ ዱላ የመሰሉ ሐምራዊዎች ሞልተዋል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን ይመስላሉ። አብቅሎ ዝርያውን የሚለይ ላቦራቶሪ ግን በአቅራቢያ አላገኘንም። ከዚህ ዘር ሁሉ እሱ ይሻላል ይባላል። የሚሻል ከተባለ ነው።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ። የጽዮን ማርያም ዕለት

ስለ ፔኒሲሊን ሒሳብ። በኪሎ 44000 ዩኒት፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በደም ሥር። 240 ኪሎ ሲባዛ ከ10 ሚሊዮን ተኩል ይበልጣል። ገበያ ላይ ያለው የሰው ብልቃጥ 1 ሚሊዮን ነው። 11 ብልቃጥ በአንድ ጊዜ። በቀን 44።

ዶክተሯ 22 ይዛ ነበር የመጣችው። የአጎቴ ልጅ ሰኞ ማታ በሞተር ከተማ ወረደ። መድኃኒት ቤቱ "ስንት ሕመምተኛ ነው?" ብሎ ጠየቀው። "አንድ።" "ምን ሆኖ ነው?" "ፈረስ ነው።" ሰውየው ሳቀና ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ሰጠው። ከሦስት ቤት ለቃቅሞ 60 ይዞ ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። የሌሊቱ መጠን ሰዓቱን አላለፈም።

ሰዓቱ ለእኛ አቆጣጠር ተመቸ፦ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። እትዬ ሳይጻፍላቸው ያዙት።

አሠራሩ ይህ ነው። ብልቃጦቹ ጋቢዬ ውስጥ ብብቴ ሥር ያድራሉ፤ ውርጩ ውሃውን ካቀዘቀዘው ዱቄቱ ቶሎ አይሟሟም። የእያንዳንዱን ቆርቆሮ መንቀል፣ ላስቲኩን በአልኮል መጥረግ፣ 5 ሚሊ ውሃ መጨመር። አትነቀንቅም፤ አረፋ ይሆናል። በሁለት መዳፍ መሃል እንደ እንዝርት ታሾረዋለህ። ከዚያ 11ዱንም መሳብ። የመጀመሪያው ዙር 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። አሁን 20። የአውራ ጣቴ ቆዳ ተልጧል። ከዚያ በቀኝ አንገቱ ደም ሥር ገብታ በተሰፋችው ቀጭን ቱቦ፣ በካኑላዋ፣ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ።

ዛሬ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ተወጋ፣ 1500 ዩኒት። ፈረስ ከቤት እንስሳ ሁሉ ለመንጋጋ ቆልፍ የባሰ ስስ ነው። የዚያም ተባይ ዘመዳቸው ነው፤ እሱም ክሎስትሪዲየም ነው። የሚገርመው መድኃኒቱ ራሱ ለሰው ተብሎ ከፈረስ ደም የሚሠራ መሆኑ ነው። ለአጎቴ ብነግራቸው "ታዲያ የራሱን ነው የወሰደ፤ ምን ያስከፍሉናል?" አሉ።

እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠበል ይዘው መጡ። ግንባሩ ላይ ረጩት። ቁስሉ ላይ እንዳይረጩ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

ሙቀት፦ ጠዋት 39.8፣ ማታ 39.6።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ

ክፉ ቀን።

እብጠቱ ወደ ቀኝ ዞሯል፣ ደረቱ ላይ ወርዷል። ሲተነፍስ ይሰማል፤ የተበሳ ዋሽንት የሚነፋ ይመስላል። ጉሮሮው እየጠበበ ነው። ዶክተሯ መጥታ ሁለት ቦታ ጨመረች፣ አንዱን ደረቱ ላይ። የጉሮሮ ቱቦ መክፈቻዋን አውጥታ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጠች። "ካልቸገረ አንነካውም" አለች። እስከ ማታ ተቀመጠች። ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ፤ አልተነካም።

ይህ ፈረስ የማይበላው ስላልራበው አይደለም። አንገቱን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ድርቆሽ መሬት ላይ እየጣልን "አልበላም አለ" ስንል ነበር! አጎቴ ገበቴውን ድንጋይ ክበው ደረቱ ከፍታ ላይ ሰቀሉለት። ባልዲውንም ግድግዳው ላይ በካስማ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መብላት ጀመረ። የስድስት ዓመት ቢሮ ያላየውን አጎቴ ቆመው አዩት። ይህን ከማንኛውም ብልቃጥ አስበልጬ እመዘግበዋለሁ።

ሌሊት 6 ሰዓት። ጅብ። ሽታው ጠርቶታል። ሁለት ናቸው መሰለኝ፣ አንዱ ከባሕር ዛፉ ጋ፣ አንዱ በወንዙ በኩል። በረቱ የድንጋይ ነው፤ በሩ ግን ሳንቃ ብቻ። አጎቴና ልጃቸው እሾህ ጎትተው በሩ ላይ ከመሩበት። እኔ ውስጥ ነኝ፣ ሲሪንጅ በእጄ። ዳማው ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። ከሰኞ ወዲህ ጆሮውን ሲያቆም ዛሬ አየሁ።

በስልኬ አንድ ነገር አገኘሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1985 እስከ 2000 በአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች በዚህ በሽታ የታከሙ 37 ፈረሶች ተመዝግበዋል። 73 በመቶ ተርፈዋል። ለአጎቴ በሩ ሥር ሆኜ ነገርኳቸው።

"ከአራት ሦስት ገደማ ማለት ነው?"

"እነሱ ሆስፒታል ነበሩ፣ ጋሼ።"

"እኛስ የት ነን?" አሉና እሾሁን አጠበቁ።

ኅዳር 23 እና 24

39.1። ከዚያ 38.7። የልብ ምት 60፣ ከዚያ 52። የትንፋሹ ድምፅ ጠፋ። የፔኒሲሊኑ መጠን በግማሽ ተቀነሰ፦ በአንድ ጊዜ 5 ብልቃጥ ተኩል።

በቀን ሦስት ጊዜ እናጥበዋለን። ፈልቶ የበረደ ውሃ፣ በሊትር 9 ግራም ጨው፤ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ያንሳል። በ60 ሚሊ ሲሪንጅ እየገፋን። ውሃው የሚፈላው በኩበት ነው። የእትዬ ክምር እየጎደለ ነው፤ አልተናገሩም፣ እኔ ግን አያለሁ።

ሰኮናውን ጠዋትና ማታ እዳስሳለሁ። መርዝ የገባው ፈረስ ሰኮናው ውስጥ ሊቃጠል ይችላል፤ ያ ከመጣ ከአንገቱ ቢድንም መቆም አይችልም። እስካሁን ቀዝቃዛ ነው። ጭድ ወፈር አድርገን አንጥፈናል።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

ካኑላው ያለበት ደም ሥር ገመድ ሆኗል። ጠንክሯል፣ ሲነካ ይቆጣል። ዶክተሯ አወጣችው። በድምሩ 165 ብልቃጥ ገብቶበታል። ሌላው ደም ሥር በእብጠቱ ሥር ነው፤ አይገኝም። ከዛሬ ጀምሮ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን፣ በቀን ሁለቴ። በጡንቻ።

"በጡንቻ" ስትል ፊቴን አይታው ይሆናል።

"ይሄኛው ተባዩን ይገድለዋል፣ ቤት አይሠራለትም። ጭኑ ላይ፣ ቦታ እየቀያየርክ። ደግሞ የምትወጋው አንተ ነህ፤ እኔ በየቀኑ ከደብረ ብርሃን አልመላለስም።"

ማታ 12 ሰዓት። መርፌውን ብቻውን አስገባሁ። ሲሪንጁን ገጠምኩ። ወደ ኋላ ሳብኩ። ደም መጣ። ደም ሥር ውስጥ ነኝ። ፕሮኬይን ደም ሥር ከገባ ፈረሱ አብዶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። አወጣሁት። እጄ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አጎቴ እያዩ ነው። በሌላ መርፌ፣ አራት ጣት ዝቅ ብዬ። ሳብኩ። ምንም። ቀስ ብዬ ገፋሁ።

ዳማው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ድርቆሹን እያላመጠ ነበር።

ሌሊቱን በየሰዓቱ እየተነሳሁ ጭኑን ስዳስስ አደርኩ። ምንም የለም። ነገም እዳስሰዋለሁ።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

ሜትሮኒዳዞል ጀምረናል፤ አየር የማይወዱትን ተባዮች የሚያባርር ነው። 15 ፍሬ 250 ሚሊግራም ተፈጭቶ፣ በሲሪንጅ በአፍ፣ በቀን ሦስቴ። መራራ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሲሪንጁን ሲያይ ጥርሱን ገጥሞ ግድግዳ ዞረ። ስኳር ጨመርንበት። ስኳሩን ለይቶ ዋጠ፣ መድኃኒቱን ጃኬቴ ላይ ተፋው። ሦስተኛ ቀን ከዚህ ምግብ መተው ስለጀመረ በዶክተሯ ፈቃድ አቆምን።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

ቆዳው እየሞተ ነው። መጀመሪያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ጠነከረ፤ አሁን እንደ ደረቀ ቁርበት ነው፤ ሲቆረቁሩት ድም ድም ይላል። ዶክተሯ ይህን ቀድማ ነግራኛለች። መርዙ ያኔ የገደለው አሁን ነው የሚወጣው። አጎቴ ግን ሲያዩት ክው አሉ። "ድኗል አላልክም ነበር?"

ታኅሣሥ 3 ላይ ጠርዙ መላቀቅ ጀመረ። በመቀስ የላላውን ብቻ፤ የያዘውን አይጎትቱትም። ታኅሣሥ 5 አንድ ገበታ የሚያህል ወደቀ። ርዝመቱ 31 ሴንቲ፣ ወርዱ 18። ከጋማው ሥር የአንገቱ ሥጋ ራቁቱን ቀረ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። የወደቀውን ርቀን፣ በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርነው። ለጅቡም ለአፈሩም ሲባል።

እኔ ግን ተደስቻለሁ። ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀይ ነው፤ ሲነካ ይደማል። ሽታ የለውም።

ፔኒሲሊኑ በዚሁ ቀን አለቀ። ሙቀት 38.0፣ ልብ 40። የልብ ምት ላይ 40 ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ታኅሣሥ፣ ቀሪው

ዕለት ዕለት የሚጻፍ ብዙ የለም። መታጠብ፣ መድረቅ፣ መቀባት። ስኳርና አዮዲን ለውሰን እንቀባዋለን፤ ስኳሩ እርጥበቱን ይመጥጣል። ውርጩ እጅ ይቆርጣል፤ ግን ዝንብ የለም፣ ይህ በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ትሉን ስንለቅም በዋልን ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ዝንብ ስለሚመጣ በአሮጌ ነጠላ እንሸፍነዋለን።

ታኅሣሥ 9 ላይ ዓይኑን ሳይ ሦስተኛው የዓይን ሽፋን ከውስጥ ጥጉ የወጣ መሰለኝ፤ ያ የመንጋጋ ቆልፍ ምልክት ነው። ሩጬ ደወልኩ። "ጭብጨባ ስታሰማው ይደነግጣል? ጅራቱን ያቆማል? ያኝካል?" ሁሉንም ሞከርኩ። ያኝካል። ገለባ ዓይኑ ገብቶበት ነው። አወጣሁለት። ዶክተሯ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

እኔ ቢሮ ተመልሻለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምመጣው። አጎቴ ያጥባሉ፣ የአጎቴ ልጅ በስልኩ ሜትር ደግፎ ፎቶ ይልክልኛል። ታኅሣሥ 16፦ 26 በ14። ታኅሣሥ 23፦ 21 በ11። ታኅሣሥ 30፦ 17 በ8። የፈረስ ቁስል ሲድን ቆዳው ከመሃል አይበቅልም፤ ከጠርዝ እየተኮማተረ ይመጣል። በመሃሉ የሚበቅለው ቀይ ሥጋ ከልክ አልፎ ከቆዳው በላይ እንዳያብጥ መጠበቅ ነው። አንገት በዚህ ከእግር ይሻላል።

ጎረቤቱ አዛውንት አንድ እሁድ ጊደር ይዘው መጡ። አልበላም ብላለች። "ያንተን መርፌ" አሉኝ። ሆዷን ጎነታተልኩ፣ ሙቀቷን ለካሁ። 38.6። ለጊደር ደህና ነው። ስትለቀቅ የባቄላ ማሳ ገብታ ነበር፤ ጠግባለች። "መርፌ አያስፈልጋትም፣ አባባ።" ተቆጡ። ለዘመድህ 200 መርፌ ወግተህ ለእኔ አንድ ትነፍገኛለህ ብለው ጊደራቸውን እየነዱ ሄዱ። በማግስቱ በልታለች አሉ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ጥር 11፣ ረቡዕ። ጥምቀት

ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ታቦቱ ሲወርድ ፈረሶች ነበሩ፤ ያጌጡ፣ መጥተው የሚሰግሩ። ዳማውን አጎቴ በገመድ ይዘውት ዳር ቆሙ። ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳ አዙረው። ሰው ቁስሉን እንዳያይበት ነው መሰለኝ።

ቁስሉ 12 በ5። አዲሱ ቆዳ ሮዝ ነው፣ ጸጉር የለውም፣ ሽንኩርት ልጣጭ ያህል ስስ ነው። ጋማው በአንድ ስንዝር ያህል ቦታ ባዶ ሆኗል። አይመለስም።

ጥር 28፣ ቅዳሜ

ቁስሉ ተዘግቷል፣ ጣት የምታህል ብቻ ቀርታለች። አጎቴ ጋሪውን ካልሞከርን አሉ። ሰባ ቀን ሥራ ፈት ነው የቆመው፤ እሳቸውም አብረው። አልከለከልኳቸውም።

ችግሩ ማሰሪያው ነው። አንገቱ ላይ የሚያርፈው ጠፍር በትክክል ጠባሳው ላይ ይወድቃል። የመንዝ በግ አጎዛ ቆርጠን፣ ጸጉሩ ወደ ቆዳው እንዲሆን ከጠፍሩ ሥር ሰፋነው። ወስፌው የአጎቴ፣ ስፌቱ የእኔ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ባዶ ጋሪ፣ ከግቢው በር እስከ ወፍጮ ቤቱና ተመልሶ።

ሄደ። ሲሄድ እንደ ድሮው ጭንቅላቱን ወዝወዝ ያደርጋል። አጎቴ ከጎኑ በእግራቸው ነው የሄዱት፤ ጋሪው ላይ አልወጡም።

ስንመለስ አጎዛውን ገለጥኩት። ጠርዙ ላይ ምስር የምታህል ደም አለች።

ፈታሁት። አጎቴ ምንም አላሉም፤ ጋሪውን ራሳቸው ወደ ጥጉ ገፉት። ቦታዋን በጨው ውሃ አጠብኳት። ሁለት ሳምንት። ሙቀት 37.8።